ግማሽ ደቂቃ ሠርቶ የሚያብድ ፕሮግራም

ሰሞኑን ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኢምቤድድ ሲስተም ናቸው። በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ስላለው ዕቃ ማለቴ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪ እስከ ሆስፒታል ማሽን። አራቱን ዛሬ ልመልስ።

«የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ አጋሮ ናቸው። ለቡና መጋዘናቸው በአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) የእርጥበት መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ዲኤችቲ22 የተባለውን የእርጥበት ሴንሰር በየ5 ሰከንዱ ያነባል። ግማሽ ደቂቃ ያህል በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ 5 ሰከንድ ሳይጠብቅ ያለማቋረጥ ያነባል፣ ስህተትም ይበዛበታል። ሴንሰሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።»

ያወጣሃቸውን ሴንሰሮች እንዳትጥላቸው! ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ፍንጩ ያለው «ግማሽ ደቂቃ» ያልከው ላይ ነው። የመጨረሻውን ንባብ ሰዓት በ«ኢንት» (ሙሉ ቁጥር በሚይዝ የቫሪያብል ዓይነት) አስቀምጠኸው ይሆናል። በተለመደው ኡኖ (አር3) ላይ ኢንት 16 ቢት ነው፤ ከ32,767 በላይ አይይዝም። ሚሊስ፣ ማለትም ቦርዱ ከተነሳ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ የሚነግርህ ትዕዛዝ፣ የሚቆጥረው በሚሊሰከንድ ስለሆነ 33 ሰከንድ ሳይሞላ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ጊዜው ሳይሞላ «5 ሰከንድ አልፏል» ይላል። ሴንሰሩን ፋታ ይነሳዋል። ዲኤችቲ22 ደግሞ በሁለት ንባብ መካከል 2 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

ኢንት ያልከውን «አንሳይንድ ሎንግ» በለው፤ ኔጌቲቭ የሌለው፣ በጣም ትልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት ነው። ሚሊስ ራሱም ከ49 ቀን በላይ ሲቆይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጋዘን ውስጥ ለወራት የሚቆይ ዕቃ ነውና አስብበት። «አሁን ሲቀነስ ያለፈው» ብለህ ካሰላህ ምንም አይሆንም፤ «ያለፈው ሲደመር 5 ሰከንድ» ካልክ ግን ያን ቀን ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሴንሰር የሚለካው የመጋዘኑን አየር እንጂ የቡናውን ፍሬ አይደለም። ፍሬው ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ መድረሱን ለማወቅ የእህል እርጥበት መለኪያ ያስፈልጋል። ለቤተሰቦችህ ይህን በግልጽ ንገራቸው፤ የዓመት ልፋታቸው ነው።

«ጅማ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ። 40 ተማሪ አለኝ፤ ያለኝ ቦርድ ግን 5 ነው። መብራትም ይጠፋል።»

መምህር፣ ጥያቄዎ የራሴን የተማሪነት ጊዜ አስታወሰኝ። በአንድ ቦርድ ስምንት ሆነን ተምረናል። ኪቦርዱን የያዘው ልጅ ተማረ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ትከሻውን አየሁ። ስለዚህ ከምንም በፊት እጅ ያቀያይሩ፤ ማንም ከ10 ደቂቃ በላይ አይያዝ። ተራ የሚጠብቁት ኮዱን በወረቀት ይከተሉ፣ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ መስመር በመስመር ይጻፉ።

ደግሞ ሆን ብለው ያበላሹላቸው። የግራውንድ ሽቦ ይንቀሉ፣ ኤልኢዲ ይገልብጡ። ከዚያ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይስጧቸው። ሽቦ ከመነካቱ በፊት ግን «ምን ጠረጠርኩ፣ ምን ለካሁ» ብለው ይጻፉ። ከማንኛውም ፈተና የበለጠ የሚያስተምር ይህ ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ ኡኖ በስልክ ፓወር ባንክ ይሠራል። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ቦርዱ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ራሱን ያጠፋል፤ ቀድመው ይሞክሩት።

«በሲ ልጀምር ወይስ በፓይተን?»

በሲ። ለትንንሽ ቦርዶች የተዘጋጀው ፓይተን፣ ማይክሮፓይተን፣ ኢኤስፒ32 በተባለው ጠንከር ያለ ቦርድ ላይ ግሩም ነው፤ የተለመደው ኡኖ (አር3) ግን ራሙ (የሥራ ማኅደሩ) 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ አይችለውም።

«ልመረቅ ነው። ጅማ ውስጥ ሥራ አለ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?»

እህቴ፣ «የኢምቤድድ ኢንጂነር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ከጠበቅሽ ብዙ ትቆያለሽ። ሥራው በሌላ ስም ነው ያለው፦ የሕክምና መሣሪያ ጥገና፣ የቡና ማሽን መቆጣጠሪያ፣ የሶላር ፓምፕ። ከመሄድሽ በፊት ለአንድ ሰው የሚያገለግል አንድ ዕቃ ሥሪ፤ ሦስት ወር ይሥራ። ደብተር ያዢለት። ፓምፑ ሲነሳ ቦርዱ ሪሴት እያደረገ (እንደ አዲስ እየተነሳ) አስቸገረሽ እንበል። የፓምፑን ፓወር ለይተሽ፣ ግራውንዱን አገናኝተሽ፣ ሞተሩ ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አድርገሽ ፈታሽው። ከነቀኑ ጻፊው። ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ከሲቪሽ ጋር ያን ደብተር ይዘሽ ግቢ።