መስኮቱ ናፍቆሽ ነው

ሰላም ጋሼ፣

የሐዋሳ ልጅ ነኝ። አሜሪካ በረራ እየተማርኩ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃዴን አግኝቼ አሁን ኢንስትሩመንት ላይ ነኝ፤ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር ማለት ነው። ከሚፈለገው 40 ሰዓት 26ቱን ጨርሻለሁ። የጽሑፍ ፈተናውን ካለፍኩ 9 ወር ሆነኝ። ግን ዛልኩ። ሆልዲንግ ላይ፣ ማለትም አንድ ቦታ እየዞሩ ተራ መጠበቅ ላይ፣ ሁሌ እሳሳታለሁ። ባለፈው ከበረራ ወርጄ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አሁን ለእረፍት ቤት መጥቻለሁ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ፓይለቷ መጣች» ትላለች፤ እኔ ግን መመለሱ አስጠልቶኛል። ስንፍና ይሆን?

ሐ. ከሐዋሳ

ልጄ፣

ስንፍናስ አይደለም። ሰነፍ 26 ሰዓት አይደርስም። እኔም በጊዜዬ በረራ አስተምሬያለሁ፤ ብዙ ተማሪ የሚዝለው እዚሁ ላይ ነው።

መብረርን የወደድሽው በመስኮት አይተሽ ይመስለኛል። እዚህ ትምህርት ላይ መጀመሪያ የሚወሰድብሽ ደግሞ መስኮቱ ነው። ግንባርሽ ላይ የሚታሰረው መጋረጃ ከመሣሪያዎቹ በቀር ምንም አያሳይሽም። ጆሮሽ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየሄደ «ዘመምሽ» ይልሻል። ከገዛ ገላ ጋር ስትከራከሪ መዋል ያደክማል።

ስትመለሺ መምህርሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንድ በረራ ያለ መጋረጃ፣ ለደስታሽ ብቻ። ሌላው፣ ጸጥ ያለ ደመና ሲገኝ ከእሱ ጋር እውነተኛው ደመና ውስጥ መግባት። ነጩን ሰንጥቀሽ ፀሐይ ላይ ብቅ ስትዪ ለምን እንደምትማሪ ታዪዋለሽ።

የጽሑፍ ፈተናው አያስጨንቅሽ፤ ውጤቱ 24 ወር ያገለግላል። በረራውን ግን አታራርቂው። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚበር ሰው ያለፈውን ሲከልስ ገንዘቡ ያልቃል።

ለሆልዲንጉ ነገ በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ፍቅር ሐይቅ ውረጂ። አንድ ድንጋይ መሬት ላይ አስቀምጪ። ወደ ድንጋዩ ተራመጂ፤ ስትደርሺ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ተመለሺ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ዙሪ። አየር ላይ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሙሉው ዙር 4 ደቂቃ። አሁን ከሌላ አቅጣጫ ነይና አገባቡን ሞክሪ። ንፋሱ ወዴት እንደሚገፋሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ሰዓት ትያዝልሽ።