ኦዞኑ ጎጃም ላይ ተቀዷል ወይ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጭስና ስለ አየር ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አጠገብ የምኖር ገበሬ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ፀሐዩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቆዳ ይልጣል። ዝናቡም ወቅቱን ትቷል። ልጆቼ «ኦዞኑ ተቀዶ ነው» ይሉኛል። እውነት እኛ ላይ ተቀዷል?

መልስ፦ አይ አባባ፣ እርስዎ ላይ አልተቀደደም። ልጆችዎ ሁለት ጉዳይ ቀላቅለውብዎታል። ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አቶሞች ተያይዘው የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። በብዛት የሚገኘው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት ጨረር እዚያው ላይ ያስቀረዋል። «ቀዳዳ» ሲባል ኦዞኑ በጣም የሳሳበት ቦታ ማለት ነው። እሱም ያለው ደቡብ ዋልታ፣ አንታርክቲካ ላይ ነው። ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ይሰፋል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መልሶ ይሞላል።

ለምን እዚያ? ክረምታቸው ከባድ ስለሆነ ነው። ላይኛው አየር ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ልዩ የበረዶ ደመና ይሠራል። ከፍሪጅና ከስፕሬይ ወጥቶ ለዓመታት ወደ ላይ የወጣው ክሎሪን እዚያ ደመና ላይ ይነቃል፣ ፀሐይ ስትመለስ ደግሞ ኦዞኑን መብላት ይጀምራል። አንድ የክሎሪን አቶም ከመጥፋቱ በፊት እስከ 100 ሺህ የኦዞን ሞለኪውል ሊያፈርስ ይችላል።

የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን ጉድ ይፋ ያደረጉት በ1977 ዓ.ም ነው፣ እኛ በድርቁ አሳራችንን በምናይበት ዓመት። በ1980 ዓ.ም መስከረም ላይ ሞንትሪያል ላይ ኦዞን የሚበሉ ጋዞችን ለማስቀረት ስምምነት ተፈረመ፣ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም ገባችበት። እና ሠራ! ዓለም ተስማምቶ አንድ ነገር ሲፈጽም ብዙ ጊዜ አናይም፣ ይሄ ግን ተፈጽሟል። ኦዞኑ እያገገመ ነው። ስምምነቱ ከተከበረ በአብዛኛው የዓለም ክፍል በፈረንጆቹ 2040 አካባቢ፣ አንታርክቲካ ላይ ደግሞ 2066 አካባቢ በፈረንጆቹ 1980 ወደነበረበት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ታዲያ ፀሐዩ ለምን ይለበልባል? እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ፀሐይ ከአናታችን ላይ ነች፣ በዚህ ቀበቶ ያለው ኦዞን ደግሞ ከጥንትም ቀጭን ነው። ከፍታም አለ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጮቄ ተራራ ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠው ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ዓባይ በረሃ ላይ በላብ ከሚጠመቀው ሰው የበለጠ ጨረር ያገኛል። ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም። የሙቀቱ መጨመርና የዝናቡ መዛባት ሌላ መዝገብ ነው፤ ዋናው ተከሳሽ ከነዳጅ፣ ከከሰል ድንጋይና ከደን ጭፍጨፋ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ልጆችዎን በዚህ ይርቷቸው።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ፍሪጅ እጠግናለሁ። አሮጌ ፍሪጅ ሲመጣ ቱቦውን ቆርጬ ጋዙን እለቀዋለሁ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ግን እንደ ጋዙ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ እይ። አር-12 ካለ የድሮው ነው፣ ኦዞን የሚበላው ዋናው ጠላት እሱ ነው። አር-22 ያነሰ ይጎዳል እንጂ እሱም ኦዞን ይነካል። አር-134ኤ ካለ ኦዞንን አይነካም። ግን አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይብሳል። በ2009 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ኪጋሊ የተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ የመጣው እሱንና ዘመዶቹን ለመቀነስ ነው።

አዲሶቹ ፍሪጆች ላይ የምታየው አር-600ኤ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ግን ተቀጣጣይ ነው! ለሲጋራ መለኮሻ ከሚሆነው ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በተዘጋች ሱቅ ውስጥ ለቀህ ወዲያው ቱቦ ለመበየድ እሳት ብትለኩስ ሱቅህን ይዞህ ነው የሚሄደው።

ጋዙን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ የሚያስገባ ማሽን አለ። ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሦስት አራት ጠጋኞች ተዋጥታችሁ ብትገዙት ግን ያዋጣል። እስከዚያው ቢያንስ የሚያፈስሰውን ቦታ ሳታገኝ ጋዝ አትሙላ። በሁለት ወሩ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ለጊዜው ገቢ ይመስልሃል እንጂ ስምህን ነው የሚያጠፋው።

ጥያቄ፦ ሽቶና ዲኦዶራንት መንፋት ኃጢአት ነው እንዴ?

መልስ፦ ለኦዞኑ ከሆነ አይደለም። ኦዞን የሚበላው ጋዝ ስፕሬይ ውስጥ መግባት ካቆመ ቆይቷል። ታክሲ ውስጥ መንፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ አካባቢ ነው የምኖረው፣ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ጭሱ ኦዞኑን ይጎዳል ሲሉኝ ደነገጥኩ። ሥራዬን ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ የምጣድሽ ጭስ እዚያ ድረስ አይሄድም። የሚጎዳው አንቺን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይሞታሉ ይላል፣ ይበልጡን የሚጎዱት ደግሞ ምድጃ ሥር የሚውሉ ሴቶችና አጠገባቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። እኛ ግን ስለ አንታርክቲካ ስንጨነቅ ጓዳ ውስጥ ያለውን ሳል «ጉንፋን ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሄ ያናድደኛል።

ሥራሽን አትተዪ። ከሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ታውቂው ይሆናል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለሚሸጥ ሰው ዋጋውን ቶሎ ነው የሚመልሰው። እርጥብ እንጨት አትማገጂ። ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ይኑር። የእናንተ አገር የዲከረንስ ዛፍ ከሰልም ጭስ የለውም ተብሎ አይናቅ፤ በክረምት በር ዘግቶ ከሰል ይዞ መተኛት ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፣ ከቡሬ። መምህራችን ማዳበሪያም ኦዞን ይነካል አለን። ተሳሳተ?

መልስ፦ አልተሳሳተም፣ ጎበዝ መምህር ነው። ዩሪያ ማሳ ላይ ሲበተን ከፊሉ በአፈር ባክቴሪያ አማካይነት ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ይሄ ጋዝ ከ100 ዓመት በላይ አየር ላይ ይቆያል፣ ምድርን ያሞቃል፣ ላይ ሲደርስም ኦዞን ይነካል። አሁን ሰው ከሚለቃቸው ጋዞች መካከል ለኦዞን ከባዱ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ታግደዋል። በጎርፍ ታጥቦ ጣና የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጭን ይቀልባል።

ለአባትህ «ማዳበሪያ ተው» ብለህ እንዳትነግረው፣ በቆሎው አይሰማህም። ግን በአንዴ ከማፍሰስ ከፋፍሎ መስጠት፣ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን፣ ማሳውንም በጥራጥሬ ማፈራረቅ ይቻላል። ግብጦ አለ አይደል? መራራ ነው ብለን የምንንቀው ግብጦ ናይትሮጅንን ከአየር ይዞ አፈር ውስጥ ያስገባል፣ አሲዳማ መሬትም ይችላል። ነቅሮ መብላቱ ጊዜ ቢወስድም፣ የጎጃም ሰው ለአረቄው ጊዜ አጥቶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ጥቁር መነጽር ገዛሁ። ከጨረሩ ይከላከላል?

መልስ፦ ጥቁረቱ ብቻውን ምንም አይደለም። እንዲያውም ጨረር የማያስቀር ጥቁር መነጽር ሊብስ ይችላል፤ በጨለማው ምክንያት የዓይን ብሌን ይሰፋና ብዙ ጨረር ይገባል። የዓይን ሞራ በአገራችን የዓይነ ስውርነት ቁጥር አንድ ምክንያት ነው፣ ጨረርም ከሚያባብሱት አንዱ ነው። «ዩቪ 400» የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ፣ አጠገብህ መነጽር ቤት ካለ አስመርምረው። ካልሆነ ሰፊ ባርኔጣ ግዛ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ጥላ ሥር ሁን። ቤታችሁ አልቢኒዝም (የቆዳና የፀጉር ቀለም ማጣት) ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ መነጽሩም፣ ባርኔጣውም፣ እጅጌ ረጅም ልብሱም ከእሱ ይጀምር።