ፕሮፖዛላችሁ ገምጋሚ እጅ ሲገባ፦ ለጅማ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ፣ በማናም በዴዶም በቀርሳም፣ ተደራጅታችሁ ለአካባቢያችሁ አንድ ቁም ነገር ለመሥራት የምትለፉትን አያለሁ። አንዱ ቡድን የአዌቱን ወንዝ ዳር ከቆሻሻ ማጽዳት ይፈልጋል፣ ሌላው ምንጭ ማጎልበት፣ ሌላው ለቡና አምራቾች የማድረቂያ አልጋ ማሠራት። ቤቴ ስትመጡ የምትጠይቁኝ ግን ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ፕሮፖዛላችን ለምን ወደቀ?» የማህበረሰብ ፕሮጀክቶችን በሚገመግሙ ኮሚቴዎች ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። በር ተዘግቶ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ብታውቁ አጻጻፋችሁም አሠራራችሁም ይለወጣል ብዬ ስለማምን ይህን እጽፍላችኋለሁ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ሐሳባችሁን አይነካውም። አንድ ሠራተኛ ዝርዝር ይዞ ይቀመጥና የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ መኖሩን፣ ፊርማና ማህተሙ መሟላቱን፣ የተጠየቀው ገንዘብ ከጣሪያው አለማለፉን፣ ሰነዱ በጊዜው መድረሱን እያየ ምልክት ያደርጋል። አንዱ ከጎደለ ፕሮፖዛሉ ገምጋሚ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ወራት የተለፋበት ሥራ ባልታደሰ ምስክር ወረቀት ሲቀር ማየት ያሳዝናል። የጥሪውን መመሪያ ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብበው፣ የሚፈለገውን ይዘርዝር፣ ከዚያ ዝርዝራቸውን ያስተያዩ። ቡድናችሁ ገና ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው፣ ጥሪው የሚፈቅድ እንደሆነ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር አብራችሁ አመልክቱ፤ ነገር ግን ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባና ማን እንደሚፈርምበት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል የተደረገ ስምምነት ገንዘቡ ሲመጣ ወዳጅ ያጣላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ መስጠት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገምጋሚዎች ሳይነጋገሩ ያነባሉ፤ ነጥባቸው በጣም ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል ወይም ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ። መመዘኛው ከለጋሽ ለጋሽ ይለያይ እንጂ ጥያቄዎቹ ይቀራረባሉ፦ ችግሩ እውነት ነው ወይ? የቀረበው ሥራ ያንን ችግር ይፈታል ወይ? እነዚህ ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ ወይ? ገንዘቡ ከሥራው ጋር ይመጣጠናል ወይ? ድጋፉ ሲያበቃ ምን ይቀራል? በአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች በተለመደው አሠራር መጀመሪያ አጭር የሐሳብ ማስታወሻ ይቀርባል፤ እሱ ከ50 ነጥብ ቢያንስ 30 ካላገኘ ሙሉውን ፕሮፖዛል አምጡ አትባሉም። ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ ድጋፍ የሚሰጠውና ለረጅም ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው 50,000 ዶላር የነበረው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ) አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ደግሞ በየአገሩ በሚቋቋም ብሔራዊ ኮሚቴ ይወስናል፤ የኮሚቴው አብዛኞቹ አባላት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። የነጥብ መስጫው ከጥሪው ጋር ከወጣ እንደ ቀላል ነገር አትለፉት። ለዘላቂነት 15 ነጥብ ተመድቦ ሳለ እናንተ ሦስት መስመር ከጻፋችሁለት፣ ገምጋሚው ቢወዳችሁም የሚሰጣችሁ ነጥብ የለውም።

እኔ ፕሮፖዛል ሲደርሰኝ ከበጀቱ ሠንጠረዥ እጀምራለሁ፤ ብዙ ባልደረቦቼም እንዲሁ ያደርጋሉ። መግቢያው ምኞታችሁን ይነግረኛል፤ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ የሚነግረኝ በጀቱ ነው። የችግሩ ትንተና «እናቶች ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ» ብሎ አንጀት ከበላ በኋላ፣ ሠንጠረዡ ላይ ትልቁ ገንዘብ ለላፕቶፕ፣ ለሆቴል አዳራሽ ኪራይና ለውሎ አበል ተመድቦ ሳገኘው፣ የእናቶቹ ነገር ለማስዋቢያ እንደገባ ይገባኛል። እያንዳንዱ የበጀት መስመር አንድ ሥራን፣ እያንዳንዱ ሥራም አንድ ችግርን መጥራት አለበት። ሥራ የሌለው ገንዘብ ወይም ገንዘብ የሌለው ሥራ ከተገኘ ገምጋሚው እርሳሱን ያነሳል።

በእጅ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ፕሮፖዛል ልውሰድላችሁ። ሲሚንቶው፣ የኮንክሪት ቀለበቱ፣ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ፣ የቆፋሪው ክፍያ፣ ለውኃ ኮሚቴው የሚሰጠው ሥልጠና፣ ሁሉም በየመስመሩ ተቀምጧል እንበል። ደኅና ነው። አሁን እኔ የምፈልገው ትንሿን ነገር ነው፦ በፓምፑ ሲሊንደር ውስጥ ያለችው ጎማ ስታልቅ ማን ይገዛታል? አፍሪዴቭ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ፓምፕ ነው፤ አብዛኛውን ለመፍታት አንድ መፍቻ ይበቃል። ታዲያ መፍቻው በማን ቤት ይቀመጣል? መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘው የት ነው፣ ጅማ ወይስ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት? በወር ከየቤቱ ስንት ብር ይሰበሰባል፣ ገንዘቡ የት ይቀመጣል፣ መክፈል ያልቻለች አሮጊት ምን ትሆናለች? ፓምፑ አጠገብ ከሚኖሩት ሴቶች ሁለቱ ጥገና ሠልጥነዋል ወይስ የሠለጠነው ነገ አዲስ አበባ የሚሄደው ጎረምሳ ነው? «የፕሮጀክቱ ዘላቂነት በማህበረሰቡ ተሳትፎ ይረጋገጣል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ገምጋሚዎች ስንት ጊዜ እንዳነበቧት ብታውቁ ዳግመኛ አትጽፏትም ነበር። የመፍቻውን ቦታ የጻፈ ፕሮፖዛል ሲመጣ ግን የክፍሉ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ያንን የሚጽፈው ሰፈሩ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም እንዲሁ ያጋልጣል። በጎማ ወረዳ ወይም በማና ለገበሬዎች የሚሰጥ ሥልጠና በኅዳር ወር ላይ ተቀምጦ ሳይ፣ ጸሐፊው የቡና ለቀማ ምን እንደሆነ ረስቷል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ ቡናው ላይ ነው፤ ማን አዳራሽ ይቀመጥላችኋል? የግንባታ ሥራ ለሐምሌ ከተመደበ ደግሞ አሸዋና ድንጋይ የጫነው መኪና በዚያ ጭቃ እንዴት እንደሚገባ አስረዱን። የቡና ችግኝ ልታፈሉ ካሰባችሁ የመትከያው ወቅት ክረምቱ ሲገባ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ገንዘቡ በሚያዝያ ቢለቀቅ ዘንድሮ የሚተከል ችግኝ አይደርስላችሁም፤ ችግኝ ከሌላ ጣቢያ መግዛት ወይም የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግድ ነው። ይህን ቀድማችሁ አስባችሁ «ገንዘቡ ከዘገየ እንዲህ እናደርጋለን» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የሥጋት ትንተና የሚባለው ሠንጠረዥ የሚፈልገው እሱን ነው።

ማህበረሰቡን አማክረናል የሚለውን ቃላችሁን የምናረጋግጠው ከቃለ ጉባኤው ነው። የተሰብሳቢው ስምና ፊርማ በአንድ እጅ የተጻፈ ሲመስል ይታወቃል። ስብሰባው በገበያ ቀን ከነበረ፣ ሴቶቹ ከመጨረሻው መስመር ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ ማንም ሰው አንድም ተቃውሞ አላነሳም ከተባለ፣ ያ ውይይት ስለመደረጉ እጠራጠራለሁ። በእውነተኛ ስብሰባ ላይ ሰው ይቃወማል። «ጉድጓዱ በእሱ መሬት ላይ ከሆነ ነገ በር ይዘጋብናል» የሚሉ እናት ይኖራሉ። ያንን ተቃውሞና የሰጣችሁትን መልስ ጻፉት፤ ስለ አካባቢው ከምትለቅሙት ቁጥር ሁሉ ይበልጣል። ውይይቱ የሚደረገው ሰዉ በሚናገርበት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሰነዱን በእንግሊዝኛ ስትጽፉት የሰዉን ሐሳብ አታሳጥሩት። እንግሊዝኛችሁ ተሰባብሮ ሐሳባችሁ ቀጥ ካለ የሚጥላችሁ ገምጋሚ አላጋጠመኝም። የሚያስጥለው ከሌላ ወረዳ ፕሮፖዛል ተገልብጦ የዚያ ወረዳ ስም መሐል ላይ ሲገኝ ነው። አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር የሚጽፍላችሁ ለስላሳ ጽሑፍ በዝቷል፤ አሥሩን ብታነቡ አሥሩም አንድ ናቸው፣ የቦዬ ረግረግ ውስጥ ምን እንደሚጣልና ማን እንደሚጥለው ግን አንዱም አይናገርም።

የአካባቢው ሰው የሚያዋጣውን ድርሻም በቁም ነገር ያዙት። ሰው በዳዶና በደቦ የሚያወጣው ጉልበት፣ የሚሸከመው ድንጋይ፣ የሚሰጠው መሬት ገንዘብ ነው። «የማህበረሰቡ ድርሻ 30 በመቶ» ብሎ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ የአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቢያጆ ድንጋይ እንደሚወጣ አስሉት። ተጋነነ ብለን ስንጠረጥር ወረዳው ደውለን ዋጋ እንጠይቃለን።

ስለ አስተዳደር ወጪ አጭር ነገር ልበል። አሁን የሚሠራበት የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከእሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ ጣሪያው ከዓመቱ ወጪ 30 በመቶ ነበር። አንዳንድ ለጋሾች ከዚህም ይጠብቃሉ፤ የጃፓን መንግሥት ለአነስተኛ የማህበረሰብ ፕሮጀክቶች በኤምባሲው በኩል የሚሰጠው ድጋፍ ለደመወዝና ለቢሮ ማስኬጃ አይውልም። የአስተባባሪ ደመወዝ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አትደብቁት፤ የሚከፍለውን ለጋሽ ፈልጉ።

አሁን ሁላችሁም በሹክሹክታ ወደምትጠይቁት ልምጣ፦ «በዘመድ አይደለም ወይ?» አድልዎ የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሰው ባለበት ሁሉ ይሞከራል። የደንቡ ብዛት እሱን ለማጥበብ ነው። ገምጋሚ የጥቅም ግጭት እንደሌለበት ፈርሞ ይገባል፤ የወንድሙ ልጅ ማህበር ከቀረበ ተናግሮ ከክፍሉ ይወጣል፤ ነጥብ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይሰጣል። ምክንያት መጻፍ ግዴታ የሆነበት ኮሚቴ ውስጥ ደካማ ፕሮፖዛል በዝምድና ማሳለፍ ከባድ ነው፣ ምክንያቱን የሚያነብ ሌላ ሰው አለና። ስለዚህ ገምጋሚ ቤት አትሂዱ፣ በሰው አታስለምኑ፣ ስጦታ አትላኩ። ጨዋ ገምጋሚ እንዲህ የተደረገበትን ፕሮፖዛል ለሊቀመንበሩ አሳውቆ ራሱን ያገላል፤ እናንተም ሐሳባችሁን የሚገባው አንድ ሰው ታጣላችሁ።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በመልካም ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወጣቶች ከምንጭ በላይ ያለ የተራቆተ ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ ለመትከል አመለከቱ። አንዱ ገምጋሚ ቶሎ ይደርሳል፣ ገቢ ያመጣል ብሎ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠ። የግብርና ባለሙያዋ ዝቅ አደረገችው፤ ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ምንጩን ያደክመዋል አለች። ረጅም ተከራከሩ። በመጨረሻ ልጆቹ ከምንጩ አካባቢ አገር በቀል ዛፍ፣ ባሕር ዛፉን ራቅ ብሎ ወዳለው መሬት እንዲያደርጉ በቅድመ ሁኔታ አለፈ። «በቅድመ ሁኔታ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትናደዱ። አንድ ሰው ለፕሮጀክታችሁ ተከራክሮላችኋል ማለት ነው።

ገምጋሚዎች ለመስክ ምልከታ ሲመጡ ደግሞ በግ አትረዱ፣ ሰልፍ አታሰልፉ። የምናነጋግረው ሰው በራሱ እንዲናገር ተዉት። ከመኪናው ወርደን የምናገኛት ሴት ስለ ፕሮጀክቱ ሰምታ ከሆነ በዚያው ብዙ ነገር ይገባናል።

ከወደቃችሁም አስተያየቱን ጠይቁ፤ ብዙ ለጋሾች በጽሑፍ ይሰጣሉ። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ በንዴት አታንብቡት፣ ጥቂት ቀን አሳድሩት። ከሚቀጥለው ማመልከቻ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ፕሮፖዛላችሁን በአጋሮ ወይም በሰቃ ጮቆርሳ ለሚሠራ ሌላ ቡድን ስጡ፣ እናንተም የእነሱን ውሰዱ። አንዳችሁ የገንዘብ ባለሙያ፣ አንዳችሁ የወረዳ ሰው፣ አንዳችሁ ጉድጓዱ አጠገብ የምትኖር እናት ሆናችሁ የጥሪውን የነጥብ መስጫ ቅጽ ሙሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ምክንያት ጻፉ። ይህ ከማስገቢያው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሁን፤ በመጨረሻው ማታ የደረሰ አስተያየት ተመልሶ መንደር ሄዶ ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም።