አይፒውን ያደለው ማን ነው? የኔትወርክ ጥያቄዎቻችሁ

ኮምፒውተራቸው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ኢንተርኔት እምቢ ላላቸው፦ ዲኤችሲፒ ሰርቨር (ለኮምፒውተሮች የአይፒ አድራሻ የሚያድለው) መልስ ስላልሰጠው አድራሻውን ለራሱ አውጥቶ ነው። ገመዱንና የፖርቱን ቪላን (ፖርቱ የተመደበበትን የኔትወርክ ክፍል) ይመልከቱ።

ሌላው አንባቢ በመሥሪያ ቤታቸው ገሚሱ 10.10.20፣ ገሚሱ 192.168.0 እያገኘ ሥራ ቆሟል፤ ሰርቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አስነሥተዋል። ኧረ ሰርቨሩን ይተዉት! አንድ ሰው የቤቱን ዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ገመዱን ዋን (ወደ ውጭ የሚወስደው ቀዳዳ) ላይ መሰካት ሲገባው ላን (የውስጥ መሣሪያዎች የሚሰኩበት) ላይ ሰክቷል፤ ራውተሩም አድራሻ ያድላል። ኮምፒውተር አድራሻ የሚጠይቀው ለሁሉም ጮኾ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ከተሳሳተው ኮምፒውተር በ«አርፕ -ኤ» የጌትዌዩን (የመውጫ በሩን፣ እዚህ የዚያን ራውተር) ማክ (የመሣሪያ መለያ) ይውሰዱ፤ ስዊቹ ላይ «ሾው ማክ አድሬስ-ቴብል» ፖርቱን ያሳይዎታል። ይንቀሉት።

ነቅለው ብቻ ግን አይተዉት፤ ነገ ሌላው ይሰካል። ሐሰተኛ አድራሻ አዳይን ስዊቹ እንዲያግድ የሚያደርገው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው። ሲስኮ ስዊች ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው ፖርት ላይ «አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ትረስት» ይበሉ፤ ቀጥሎ «አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ቪላን 20»፤ በመጨረሻ «አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ»። ትረስቱን ከረሱ የእውነተኛው ሰርቨር መልስም ይጣላል፤ ቢሮው በሙሉ አድራሻ ያጣል። አድራሻ የሚያድለው የሲስኮ ራውተር ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ፦ ስዊቹ ጥያቄው ላይ ኦፕሽን 82 (ጥያቄው ከየትኛው ፖርት እንደመጣ የሚናገር መረጃ) ይጨምራል፣ ራውተሩ የሪሌይ (የጥያቄ አስተላላፊው) አድራሻ 0.0.0.0 መሆኑን አይቶ ይጥለዋል። ስዊቹ ላይ «ኖ አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ኢንፎርሜሽን ኦፕሽን» ይፈታዋል።

ሌላ አንባቢ ደግሞ «አይፒ ቬሪፋይ ሶርስ» (ሶርስ ጋርድ፦ በስኑፒንግ ካልተመዘገበ አይፒ የሚላከውን የሚያግደው) ካበሩ በኋላ የራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ዩፒኤስ ወድቆ ስዊቹ ሲነሣ፣ ከጠረጴዛ ላይ ትንሽ ስዊች ጀርባ ያሉት ብቻ ተዘጉባቸው። ማን፣ በየትኛው ፖርት፣ ምን አይፒ እንዳገኘ ስኑፒንግ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ስዊቹ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቀጥታ የተሰካ ኮምፒውተር ሊንኩ መውደቁን አይቶ እንደገና ይጠይቃል፤ እነዚያ ግን ምንም አላዩም። ሊዙ (አድራሻው የተሰጠበት ጊዜ፤ የሚታደሰው ግማሹ ሲያልፍ ነው) 8 ቀን ከሆነ እስከ 4 ቀን ዝም ሊሉ ይችላሉ። በ«አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ዳታቤዝ» ሠንጠረዡ ቲኤፍቲፒ ሰርቨር (ቀላል የፋይል ማስቀመጫ) ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ኤንቲፒ (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን) ካዋቀሩ ሰዓቱ መስተካከሉን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ፋይሉ አይታደስም።

ቋሚ አይፒ ያለው ፕሪንተርስ? ከሰርቨሩ ስለማይጠይቅ ሠንጠረዡ ላይ አይገባም። ሰርቨሩ ላይ ሪዘርቬሽን (ሁሌም ያው አድራሻ እንዲሰጠው) ይያዙለትና አድራሻውን ከዚያ ይውሰድ። ካልተመቸ ባለሙያ ይጠይቁ።

የሆስፒታል ኔትወርክ ላይ ስኑፒንግን፣ አርፕ ኢንስፔክሽንን (ሐሰተኛ የአይፒና የማክ መልስ የሚያግደውን) እና ሶርስ ጋርድን ከቤታቸው ሆነው በአንድ ሌሊት ሊያበሩ ላሰቡት፦ እባክዎ አያድርጉት። ስኑፒንግን ብቻ አብርተው አንድ ሙሉ ሊዝ ይጠብቁ፤ ሁለቱ የሚከተሉት ሠንጠረዡ ሲሞላና ቋሚ አይፒ ያላቸው መሣሪያዎች በእጅ ሲገቡ ነው። ያን ዕለት ኔትወርኩን የሚያውቅ ባለሙያ የኮንሶል ገመድ (ኔትወርኩ ቢቋረጥም ስዊቹን የሚቆጣጠሩበት) ይዞ ስዊቹ አጠገብ ይቁም። በስልክ አይሆንም።