የዛገ የታምቡር ጀርባ ላሜራ፦ ጥያቄና መልስ

ርዕሳችን ከፍሬን ታምቡር ጀርባ ያለው ክብ ላሜራ ነው፤ ሸራዎቹ፣ ሞላዎቹና የጎማ ሲሊንደሩ (በፍሬን ዘይት ግፊት ሸራዎቹን የሚከፍተው) የሚታሰሩበት። በምሳሌነት የወሰድኩት የቆዩ ኮሮላና ቪትዝ መኪኖችን ነው፤ ከኋላ ታምቡር ላላቸው ሌሎች ትንንሽ መኪኖችም ነገሩ ብዙ አይለይም። ስለ ዲስክ የመጡትንም ጥያቄዎች አብሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መካኒኩ «ላሜራው ዝጓል፣ ግን ሽፋን ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም» አለኝ። ልመነው?

የዲስክ ፍሬን ከሆነ እመነው፤ የታምቡር ከሆነ ግን ተሳስቷል። በዲስክ ፍሬን ጉልበቱን የሚሸከመው ካሊፐሩ (ዲስኩን በሸራ የሚጨብጠው) የታሰረበት ወፍራም ብረት ነው። ከዲስኩ ጀርባ ያለው ስስ ላሜራ ጭቃና ጠጠር ከመከለል ያለፈ ሥራ የለውም። በታምቡር ግን ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከታምቡሩ ጋር አብሮ ሊዞር ይታገላል። የሚያስቆመው በላሜራው ላይ በሪቬት የተያዘው መደገፊያ ነው፤ ላሜራው ደግሞ ያንን ጉልበት በመሐል ባሉት አራት ቡሎኖች በኩል ለአክስሉ ያስተላልፋል። ላሜራው ከተቀደደ ሸራው የሚደገፍበት የለውም ማለት ነው።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንደ ፕራዶ ከኋላ ዲስክ ኖሮት የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ ሆድ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ሸራዎች የሚሠራ። እዚያ ላሜራው ሲበላ የእግር ፍሬኑ አይጎዳም፤ ነገር ግን የሸራዎቹ መያዣ ፒን ካመለጠ ሸራው ውስጥ ይፈታና ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ላዩ ሁሉ ቀይ ነው። የትኛው ዝገት ነው የሚያሰጋው?

በቀለሙ አትፍረድ። መጀመሪያ ብናኙን በውኃና በሳሙና አርሰህ እጠብ። በኮምፕሬሰር አየር አትንፋው፤ የቆየ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። ከዚያ ሾል ባለ ብረት እየወጋህ፣ በትንሽ መዶሻም መታ መታ እያደረግህ አዳምጥ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተበላው ድምፁ ድፍን ነው፣ ቅርፊትም ያራግፋል።

ከሁሉ በፊት የሸራ መያዣ ፒኖቹ የሚያልፉባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች እይ። ፒኑ ከጀርባ ገብቶ ሸራውን በሞላ ወደ ላሜራው ይስበዋል፤ የቀዳዳው ዙሪያ ሲሳሳ የፒኑ ራስ በስቶት ያልፋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ይህ ነው። ቀጥሎ የመደገፊያው ሪቬቶች፦ በሁለቱ ብረቶች መካከል ዝገት አብጦ ከለያያቸው፣ ወይም መደገፊያው በመዶሻ ሲመታ ከተነቃነቀ፣ ላሜራው ይጣላል። የጎማ ሲሊንደሩ የተቀመጠበትና በአራቱ ቡሎኖች ዙሪያ ያለው ደግሞ ሙሉ ውፍረቱ ሊኖር ይገባል። የዳር ከንፈሩ ብቻ ከተሸረፈ ውኃና ጭቃ ያስገባል እንጂ ፍሬኑን አይጥልም፤ ለጊዜው ይነዳል።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስረግጥ ከኋላ «ቋ» ይላል፤ ሸራው አዲስ ነው።

ሸራው የሚንሸራተትባቸውን እብጠቶች እይ፤ በላሜራው ላይ ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ናቸው። የሸራው ብረት ጠርዝ በዓመታት ውስጥ ቦይ ይቆፍርባቸዋል። ከዚያ ሸራው ሲከፈት ከቦዩ እየዘለለ ይወጣል፤ የምትሰማው ይህንን ነው። ሲመለስ ደግሞ ይሰነቀርና ታምቡሩን ያግላል። ቀላል ዝገት ከሆነ በሞረድ አለስልሰህ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ ቀባ፤ የክብሪት ራስ ያህል ለአንዱ ይበቃል፤ የተረፈው ቀልጦ ሸራ ላይ ይሄዳል። ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ከሆነ በብየዳ ተሞልቶ ከሌሎቹ እኩል መሞረድ አለበት። እብጠቱን እስከ ቦዩ ጥልቀት ሞርደው «አስተካከልነው» የሚሉ አሉ፤ ያ ሸራውን ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል፣ በአንድ ጎን ብቻ እንዲበላም ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ላይ ላሜራውን እንዴት ላውጣው? ታምቡሩ ራሱ እምቢ ብሏል።

የፊት ጎማዎቹን አግድ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ መኪናውን አንሥተህ በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ አሳርፈው፤ በክሪክ ብቻ አትሥራ። በታምቡሩ ፊት ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ጥርሱ 1.25 የሆነ፣ በሁለቱም አስገብተህ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቅህ ግፋው። ታምቡሩ ዳሩ ላይ ከንፈር አውጥቶ ሸራውን ከያዘ፣ በላሜራው ላይ ያለውን የላስቲክ ቡሽ ነቅለህ ማስተካከያውን (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያቀርበውንና የሚያርቀውን) በካቻቢቴ መልሰው።

አንድ ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ፤ ያልተነካው ጎን የሞላዎቹን አቀማመጥ ያሳይሃል። ፎቶም አንሣ።

ሥራው የሚበላሸው ባብዛኛው የፍሬን ቧንቧው ዳዶ ላይ ነው። 10 ቁልፍ ነው፤ ተራ ቁልፍ ግን ያንሸራትተዋል። ለቧንቧ ዳዶ የተሠራውን፣ አፉ የተሰነጠቀ ቀለበት ቁልፍ ተጠቀም፤ ከአንድ ቀን በፊት ማላቀቂያ ዘይት ርጭበት። ዳዶው ሲዞር ቧንቧው አብሮ ከተጠማዘዘ አቁም፤ ወደ ማጥበቅም ወደ መፍታትም በጥቂቱ እያመላለስክ አላቀው። ከተሰነጠቀ ቧንቧውንም ልትቀይር ነው። እንደተፈታ አፉን በላስቲክ ክደን፤ የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ አየር ማውጣቱ ሌላ ሥራ ይሆናል፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለውማ ይብሳል።

የእጅ ፍሬን ካቦው በሚጨመቁ ጥርሶች ከተያዘ፣ ልኩ የሆነ ቀለበት ቁልፍ በጥርሶቹ ላይ ግፋበት፤ ሁሉንም በአንዴ ይጨምቃቸዋል። ከዚያ ሀቡን (ጎማው የሚታሰርበትን መሐል ብረት) እና ላሜራውን አብረው የያዙት አራት ቡሎኖች ይቀራሉ፤ እንደ ሞዴሉ ከጀርባ ወይም በሀቡ ፊት ባለው ቀዳዳ በኩል ይደረስባቸዋል። ሀቡ በዝገት ከተጣበቀ ጎማ የሚታሰርበትን ፊቱን አትደብድብ፤ ኩሽኔታው ይሞታል። ቡሎኖቹ ከጀርባ የሚገቡ ከሆነ ጥቂት ዙር ፈትተህ ራሶቻቸውን በማቀያየር ምታ። በእሳትም አትሞክር፤ ጎማ ላስቲኩንና የኤቢኤስ ሴንሰሩን ያቀልጣል።

ሲመለስ የሚገናኙት ፊቶች በብረት ብሩሽ ይጸዱ፤ ዝገት መሐል ከቀረ ሀቡ ይጣመማል። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቅ። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ዲኤክስ (በኋላ ጎማ የሚነዳው የቆየ ኮሮላ) ነው። ያው ነው?

አይደለም። ኋላው ሙሉ አክስል ስለሆነ ላሜራው እንዲወጣ አክስሉ መሳብ አለበት። እግረ መንገድህን ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) ቀይር፤ እሱ ካፈሰሰ የዲፈረንሻል ዘይት አዲሱን ሸራ ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ዝገቱን በኮምጣጤ ማስለቀቅ ይቻላል?

ይቻላል። አንድ ሌሊት ይዘፈዘፍ፣ ይቦረሽ፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ይታጠብና ወዲያው ይድረቅ፤ ካልሆነ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይቀላል። ሞላዎቹን ግን አሲድ ውስጥ አትጨምር፤ ጠንካራ ብረት በአሲድ ተሰባሪ ይሆናል። ሞላ ርካሽ ነው፣ አዲስ ግዛ።

ሶዳና ባትሪ ቻርጀር ካለህ በኤሌክትሪክ ማስለቀቁ ይሻላል፤ ጤነኛውን ብረት አይበላም። ለ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ኔጌቲቩ ውኃው ውስጥ በገባው ላሜራ ላይ፣ ፖዘቲቩ እዚያው በገባ ተራ ብረት ላይ። የማይዝግ ብረት አትጠቀም፣ መርዛማ ክሮም ይለቃል። ከውኃው የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ስለሆነ ደጅ ይሁን።

ቀለሙ አንቲረስት ከሥር፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ከላይ፣ ሁለቱም በስሱ። ስድስቱ እብጠቶችና ሀቡ የሚያርፍበት መሐል አይቀቡ። የጎማ ሲሊንደሩ የሚያፈስ ከሆነ ቀለም መቀባት ከንቱ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። 

ጥያቄ፦ ብየዳ ያዋጣል?

ለፒን ቀዳዳ፣ ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ፣ አዎ፦ ከጀርባ ስስ ሮንዴላ ይበየድ። ወፍራም ከሆነ ፒኑ ያጥርና ሞላው ከልክ በላይ ይጨመቃል። ለመደገፊያውና ለመሐሉ ግን አልመክርም። ብየዳው ላሜራው ወጥቶ ይሠራ፤ መኪናው ላይ ከተበየደ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ያልፋል። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት በፍጹም አትበይድ፤ ቅሪቱ በሙቀት ወደ ፎስጂን፣ ወደ ገዳይ ጋዝ፣ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነኝ፤ እዚህ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መኪናውን ጨርሶታል። ያገለገለ ልግዛ?

ግዛ፣ ግን ከዚያው አካባቢ አይሁን፤ ያንኑ ዝገት ነው የምትገዛው። እንደ አሪዞና ካሉ ደረቅ ግዛቶች አስልክ። ዓመተ ምሕረቱን፣ ግራ ወይም ቀኙን፣ ኤቢኤስ መኖር አለመኖሩንና የታምቡሩን ዲያሜትር አመሳክር። በበረዶው ወራት የመኪናውን ሆድ በውኃ ማጠብም ይረዳል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ ግጠሙ፣ መደገፊያውንም እዚያው በመዶሻ ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ፒስታ መንገድ ከሄድኩ በኋላ የፊት ጎማዬ ብረት ይፍቃል። ሴት ስለሆንኩ ጋራዥ ዲስክና ሸራ ሊያስቀይሩኝ ነው መሰለኝ።

እህቴ፣ ሳትከፍዪ በፊት ጎማውን አስፈትተሽ እዪ። ብዙ ጊዜ በዲስኩና በመከለያው መካከል ጠጠር ተሰንቅሮ ነው፤ ላሜራውን በካቻቢቴ ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል። ወይም ላሜራው ታጥፎ ዲስኩን ነክቶ ነው፤ በእጅ ተመልሶ ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው። መከለያው በዝገት ከተንጠለጠለ ተወግዶ ሌላ ይግባ፤ እስከዚያ ያለ መከለያ መንዳት ይቻላል፣ ጭቃ ግን ዲስኩን ከውስጥ በኩል ቶሎ ይበላዋል። የሸራው ውፍረት ደህና ከሆነና ዲስኩ ጥልቅ ጭረት ከሌለው የሚቀየር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ አንድ ጎን ብቻ ብቀይርስ?

ላሜራውን አዎ። ሸራና ሞላ ግን በሁለቱም ጎን፤ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከፍሬን መስመሩ አየር ስታወጣ ከማስተር ሲሊንደሩ (በፍሬን ፔዳሉ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምር፤ ከዚያ ማስተካከያውን ታምቡሩ ሲዞር ሸራው ሽው ብሎ እስኪነካ አጥብቀህ ጥቂት ጥርስ መልሰው፣ የእጅ ፍሬኑን በመጨረሻ።