«ስክሪኑ ወደነበረበት ተመለሰ» ማለት ተስተካከለ ነው ወይስ ተበላሸ?

ጥያቄው የመጣው ካዛንቺስ አካባቢ ከምትሰራ አንባቢ ነው። ረዘም ስለሚል ቆረጥ አድርጌዋለሁ፦

«መምህር እንደምን አሉ። የምነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ለቻይና ገበያ የተሰራ። ስክሪኑን እንግሊዝኛ አስደርጌ፣ ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ ሬዲዮውን ሁሉን ለራሴ አመቻችቼ ነበር። ሰሞኑን አፕዴት ጫነና ሲጨርስ ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ እንደ አዲስ ሆነ፣ ቋንቋው ራሱ ቻይንኛ ሆኖ ቁጭ። ተክለሃይማኖት ጋ መኪናዬን ለሚሰራልኝ ልጅ ደውዬ ‹ስክሪኑ ወደነበረበት ተመለሰ› ስለው ‹እሰይ፣ እንኳን ተመለሰልሽ እህቴ› ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። ጥፋቱ የማን ነው? ‹ሪሴት አደረገ› ነው ወይስ ‹ሪሴት ሆነ› የሚባለው? አባቴ ደሞ ‹ፈረንጅኛ እየቀላቀላችሁ እንዴት ትግባቡ› ይለኛል፣ እውነቱን ነው?»

ከአባትሽ ልጀምር። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህኛው አልስማማም፣ ምክንያቱም ለልጁ ያልሽውን ብናየው ከውጭ የመጣው ቃል «ስክሪን» ብቻ ነው፣ እሱን ደሞ ያለምንም ችግር ገብቶታል። ያልተግባባችሁት «ወደነበረበት ተመለሰ» ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ አንድም የውጭ ነገር ያልነካው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። እንግዲህ ቅልቅሉን ስንወቅስ አንዳንዴ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ወደነበረበት» የሚለው ቃል የትኛው «ነበር» እንደሆነ አይናገርም። መኪናሽ ሁለት «ነበር» አላት፣ አንዱ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረችበት ነው፣ ቻይንኛው፣ የቤጂንግ ሰዓቱ፣ ማንም ያልነካካው፤ ሌላው አንቺ አስተካክለሽ ስትነጂበት የነበረው ነው። አንቺ የመጀመሪያውን ይዘሽ ደወልሽ፣ ልጁ ሁለተኛውን ሰማ። ለምን ሁለተኛውን ሰማ ከተባለ ደግሞ ጆሮው ስለለመደ ነው፣ እኛ አገር «አገልግሎቱ ወደነበረበት ተመልሷል» ከተባለ መብራት መጥቷል፣ ኔትወርክ ሰርቷል፣ ባንኩ ሲስተም አለው ማለት ነው እንጂ ማንም ሰው ይሄን ሰምቶ አይደነግጥም። ለክፉው መመለስ ሌላ ሌላ አነጋገር አለን፣ ለሰው «ወደ ድሮ አመሉ ተመለሰ» እንላለን፣ ለበሽታ «አገረሸበት» እንላለን። «መኪናዬ አገረሸባት» ብለሽው ቢሆን ኖሮ እየሳቀም ቢሆን ይገባው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ጋ እንምጣ፣ አንዲት ፊደል ናት። ልጁ ሲመልስልሽ «እንኳን ተመለሰልሽ» ነው ያለው አይደል? እዛች ውስጥ ያለችውን «ል» ልብ በይ፣ አንቺ አልሰጠሽውም፣ እሱ ነው ከራሱ ያስገባት። አንቺ «ተመለሰ» ብለሽ ባዶውን ተውሽው፣ ለማን እንደተመለሰ በማን ላይ እንደተመለሰ ሳትነግሪው፣ እሱ ደግሞ ደግ ደጉን አስቦ «ል» ከተተበት። አንዲት «ብ» ብትጨምሪ ኖሮ፣ «ስክሪኑ ተመለሰብኝ» ብትዪው፣ «እሰይ» ሊል አይችልም ነበር። አማርኛ ግሱ ውስጥ ለ እና በን ሸጉጦ ማን እንደተጠቀመ ማን እንደተጎዳ የሚናገርበት መንገድ አለው፣ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፈረደልኝ እና ፈረደብኝ፣ መሰከረልኝ እና መሰከረብኝ፣ ግሱ ያው ሆኖ አንዱ ቤት ያስገባል አንዱ ቤት ያስወጣል። ዝናቡም ለገበሬው ይዘንብለታል፣ ልብስ ላሰጣችው ይዘንብባታል።

ስለዚ «ምርጫዎቼ ተመለሱልኝ» ካልሽ ያስተካከልሽው ሁሉ መጣልሽ፣ «የፋብሪካው ተመለሰብኝ» ካልሽ ያስተካከልሽው ሁሉ ሄደብሽ። ግሱ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ፊትና ጀርባ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ «ብ» ባየሽ ቁጥር ጉዳት ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ። ቦታና መሳሪያም ትናገራለች፣ የተቀመጥኩበት ወንበር፣ የምነዳበት መንገድ እንላለን፣ ወንበሩ ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም። «ወደነበረበት» ውስጥ ያለችውም «በት» የቦታዋ ናት፣ ለዛ ነው ያላዳነችሽ።

«ጠፋ»ም ያው ነው እንዲያውም ይብሳል። «ስክሪኑ ጠፋብኝ» ብትዪው ኖሮ ድርግም ያለ ጥቁር ስክሪን ነው የሚመጣበት፣ ፊውዝ ሲፈትሽ ይውል ነበር፣ ምክንያቱም የሚበራ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱ ያው የመብራት መጥፋት ነው። «ሴቲንጉ ጠፋብኝ» ካልሽ ግን ሌላ ነው፣ ሴቲንግ አይበራም። እና ከ«ጠፋ» በፊት ምን እንደጠፋ በደንብ መጥራት ነው። እኔ በግሌ በጣም የምወደው ግን ወጣቶቹ የሚሉትን ነው፣ «መኪናዋ ረሳችብኝ» ይላሉ፣ ስልኩም ዋይፋይ ይረሳል፣ መኪናዋም ወንበር ትረሳለች። ከሁሉም አጭርና ግልጽ እሱ ነው፣ ማንም ሰው «ረሳች» ሲባል ሰምቶ ተስተካከለች ብሎ አያስብም።

ወደ «ሪሴት» ስንመጣ ሁለቱም ይባላል፣ «አደረገ»ም «ሆነ»ም። ሰዋስው የተማረ ሰው «አደረገ» አድራጊና ተደራጊ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መኪናዋ ምኗን ነው ሪሴት ያደረገችው ብሎ ሊሟገትሽ ይችላል፣ ግን ጎዳና ላይ ያለው አማርኛ ከዛ አልፎ ሄዷል፣ «ስልኬ ሃንግ አደረገ» ስንል ስልኩ ሌላ ነገር ሃንግ አላደረገም፣ ራሱ ነው የቆመው። በዚህ መሰረት «መኪናዋ ሪሴት አደረገች» በራሷ ጊዜ ነው፣ «ልጁ መኪናዋን ሪሴት አደረጋት» ደግሞ የሰው እጅ ያለበት ነው፣ ልዩነቷ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት። ለጋራዥ ሰው ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ሰው ነካክቶት ነው ወይስ ራሱ ነው የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄው ነው። «ሪሴት ሆነ» ግን ማን እንዳደረገው ማወቅ ካልፈለግሽ ወይ ካላወቅሽ ጥሩ ነው፣ በቃ ሆነ። እኔ ብሆን ያንቺን ጉዳይ «አፕዴት ከጫነች በኋላ ሪሴት አደረገችብኝ» ነበር የምለው፣ ሁሉም ነገር አለበት፣ መቼ፣ ማን፣ በማን ላይ።

«መቼ» ያልኩት ለጌጥ አይደለም። አንቺ ባትጠይቂም በዚህ ጉዳይ ከቃሉ በላይ የሚያሳስተው ጊዜው ነው። «ተመለሰ»፣ «ይመለሳል» እና «በተነሳች ቁጥር ይመለሳል» ለሚሰማው ባለሙያ ሶስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። «ተመለሰ» አንድ ጊዜ የሆነ ነው፣ ወይ አፕዴት ነው ወይ ባትሪ ተፈትቷል። ባትሪ ስል የኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ትንሽዬ ባትሪ አላት፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እሷ ከሞተች ወይ ከተፈታች ብዙ መኪና ላይ ሰዓትና አንዳንድ ሴቲንግ አብሮ ይሄዳል። «በተነሳች ቁጥር ይመለሳል» ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በኋላ የተገጠመ አንድሮይድ ቴፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫውና ቀዩ ሽቦ ነው፣ ቢጫው ሁሌም ኃይል እንዲያገኝ ነው የሚቀጠለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፣ ቢጫውን ከቁልፉ ጋር ያያያዘው ሰው ካለ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር የነገርሽውን ሁሉ ይረሳል። አንዳንዱ ደግሞ ብልሽት እንኳን አይደለም፣ ታስቦበት ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት እንደነሱ አቆጣጠር ከ2024 ጁላይ ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ግድ ነው፣ ሾፌሩ ሊያጠፋው ይችላል ግን መኪናው እንደገና ሲነሳ ተመልሶ ይበራል፣ ሕጉ ነው የሚለው። የዛ ዓይነት መኪና ያለው ሰው «ሁሌ ይመለስብኛል አስተካክልልኝ» ብሎ ጋራዥ ቢመላለስ ብሩን ነው የሚጨርሰው።

ይቺ «ቁጥር» የምትባል ቃል እንዴት እንደምትጠቅም አየሽ? «በተነሳች ቁጥር»፣ «ቻርጅ በተደረገች ቁጥር»፣ «አፕዴት በጫነች ቁጥር»፣ አንዷን መርጠሽ ስትናገሪ ለልጁ ግማሹን ስራ ሰራሽለት ማለት ነው።

ሰዓቱንም ልንገርሽ፣ እሱ ላይ አማርኛችን ልዩ ጣጣ አለበት። ሪሴት ያደረገች የቻይና መኪና የቤጂንግን ሰዓት ልታሳይ ትችላለች፣ ቤጂንግ ደግሞ ከኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 14:00 ይላል። አሁን «ሰዓቱን ወደ ትክክለኛው መልስልኝ» ብትዪው ትክክለኛው የቱ ነው? 9:00 ነው ወይስ 3:00? ብዙዎቻችን መኪናችን ላይ በሀበሻ ሰዓት ነው የምንሞላው፣ ልጁ ደግሞ ሰዓቱ ከኔትወርክ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጎት 9:00 ሲሆን «ተመለሰልሽ» ይልሻል። «በኛ ሰዓት ሙላልኝ» በይው። ደሞ ሰዓት «ይሞላል» እንጂ «ይመለሳል» ብዙም አይባልም።

ምርጫዎችሽን መልሰሽ ስታገኚ ምን ትያለሽ? ራስሽ ስክሪኑን ነካክተሽ ካገኘሽው «መለስኩት» ነው። ልጁ ከሰራልሽ ወይ የሄደብሽን ነገር ታግለሽ ካመጣሽው «አስመለስኩት» ነው፣ «ብሬን አስመለስኩ» እንደሚባለው። ከሁለቱ ላንቺ ጉዳይ «አስመለስኩ» ይሻላል ባይ ነኝ፣ የሆነ ነገር ከእጅሽ ወጥቶ ነበር የሚል ስሜት አለው። ብቻ ማንን እንደሚነካ ተጠንቀቂ፣ «መኪናዋን አስመለሳት» ካልሽ ሰው በላስቲክ ሊሮጥልሽ ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ስልካቸውን አማርኛ ያደረጉ ሰዎች የሚያዩትን ልጥቀስ። እዛ ሴቲንግ «ቅንብሮች» ነው፣ ሪሴት «ዳግም አስጀምር» ነው፣ ዲፎልት ደግሞ «ነባሪ»። «ቅንብሮች» ደህና ነው፣ ባይነገርም ሲነበብ ይገባል። «ዳግም አስጀምር» ላይ ግን ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም አጥፍቶ ማብራትንም ሁሉን ፍቆ ከዜሮ መጀመርንም ያሰማል፣ የመጀመሪያው ምንም አይነካብሽም፣ ሁለተኛው ግን ሰርቨር ላይ ወይ ፕሮፋይል ላይ (በስምሽ በተያዘው የምርጫ ማስቀመጫ) ያልተቀመጠ ነገር ካለ ይዞት ይሄዳል። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች «ሪስታርት» እና «ሪሴት» ብለው መለየታቸው በዚህ በኩል ከትርጉሙ ይበልጣል፣ አባትሽ ይሄን ባያነቡት ይሻላል። «ነባሪ» ግን ቆንጆ ቃል ነው። ከ«ነበረ» ወጥታ ያ ሁለት «ነበር» ያልኩሽን ችግር ትፈታለች፣ «ወደ ነባሪው ተመለሰብኝ» ካልሽ የፋብሪካው «ነበር» ብቻ ነው። ችግሩ ማንም አይላትም፣ ተክለሃይማኖት ሄደሽ «ነባሪ» ብትዪ የቤት ተከራይ የጠየቅሽ ነው የሚመስላቸው፣ ስለዚህ ለጊዜው «የፋብሪካው» ወይ «ዲፎልቱ» በይ።

መንግስት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በዝቶብኛል፣ እና አንድ ያስተዋልኩት ነገር ጋራዦች ደረሰኝ ወይ ወረቀት ሲሰጡ «ሪሴት ተደርጓል» ብለው ነው የሚጽፉት። ይሄን አትቀበዪ። «ተደርጓል» ማን እንዳደረገው ይደብቃል፣ መኪናዋ በራሷ ያደረገችው ነው ወይስ ልጁ ነው ደግሞ ያደረጋት? ልጁ ከሆነስ አስቀምጦ ነው ወይስ ፍቆ? «አፕዴት ሲጫን የጠፉት ምርጫዎች ተመልሰዋል፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተደርጓል፣ በሾፌሩ ፕሮፋይል ተቀምጧል» ብሎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፣ እዚህ ላይ «ተደርጓል» ምንም አይልም ምክንያቱም ምን እንደተደረገ ፊት ለፊት አለ። የመጨረሻዋ ሀረግ በተለይ ትጻፍ፣ ፕሮፋይል ላይ ያልተቀመጠ ነገር የሚቀጥለው አፕዴት ሲመጣ እንደገና ሊረሳብሽ ይችላል። ሬዲዮውን ግን አይሞላልሽም፣ 102.1ንና 97.1ን ራስሽ ፈልገሽ አስቀምጪ።