ቀልብ ሲበተን ከትንፋሽ መጀመር፦ የመምህራን ጥያቄና መልስ

የስድስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ክፍሉ ሲደክም ወይም ሲታወክ ተማሪዎቼን አስነሥቼ በዝግታ አንቀሳቅሳለሁ፤ ትንፋሻቸውንም እንዲያስተውሉ አደርጋለሁ። ስለዚህ ልማዴ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ አስቸግሮኛል። ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ይንጫጫል። እርስዎ በትክክል ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ጠመኔውን አስቀምጬ ዝም እላለሁ። ከዚያ ሁሉም ከወንበሩ ጀርባ ይቆማል። ትከሻችንን ወደ ጆሯችን ከፍ አድርገን፣ ጥቂት ይዘን እንለቀዋለን፤ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ አየር እያስገባን እጃችንን በጎን ወደ ላይ እናነሣለን፤ እያስወጣን እናወርዳለን። ማውረዱ ከማንሣቱ መዘግየት አለበት። «እጃችሁ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል አውርዱት» እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ይበላሻል፦ አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው የጎረቤቱን ራስ ይነካል፣ ሳቅ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጫጫታው ይበርድና እጆቹ እኩል መውረድ ይጀምራሉ። አምስት ዙር ይበቃል።

ሲቀመጡ ወዲያው ከባድ ጥያቄ አልጠይቅም። «ደብተር ግለጡ፣ ርእሱን ጻፉ፣ ከሥሩ አስምሩ» እላለሁ። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹን አረጋግተን ስናበቃ ማስታወቂያ መናገር እንጀምራለን፤ የተሰበሰበው ቀልብም ተመልሶ ይበተናል። ጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ አያልፍም።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ ለምን ተመረጠ? ቁጭ ብለው ዝም ቢሉስ?

መልስ፦ የልብ ምታችንን በቀጥታ ማዘዝ አንችልም፤ ትንፋሻችንን ግን እንችላለን። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ደግሞ ቫገስ የተባለው ነርቭ ያዘገየዋል። የእጅ አንጓዎን ይዘው በቀስታ ሲተነፍሱ ልዩነቱ ሊሰማዎት ይችላል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው።

«ትልቅ ትንፋሽ ውሰዱ» የሚለውን ትእዛዝ የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፍተው ደጋግመው ይስባሉ። ከመጠን በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ልጁ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል። አሁን የምለው «ቀስ ብላችሁ አስወጡ» ብቻ ነው፤ ማስገባቱ በራሱ ይመጣል። ቆጠራም አልጭንባቸውም። በእረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልጆች ከዚያ ይፈጥናሉ። ለእኔ የሚመቸኝ፣ እስከ አራት ቆጥሮ ማስገባትና እስከ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ሊረዝምበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ 14 እና 15 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ስጀምር ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። ሳቅም ረጅም ማስወጣት ነው! ዐይናችሁን ጨፍኑ አይበሏቸው፤ በዚህ ዕድሜ ጓደኛ እያየ ዐይን መጨፈን ያሳፍራል። ወለሉ ላይ ወይም ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ይዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጣት አያድርጉት። «ስለጮኻችሁ ተነሡና ተንፍሱ» ከተባለ ነገሩ በዚያው ቀን አበቃለት። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው ለመመለስ ብዙ ሳምንታት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ውጤት ያሻሽላል? ርእሰ መምህራችን ማስረጃ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ውጤት ያሻሽላል ብለው ቃል አይግቡ። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ማይሪያድ የተባለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። መምህራን ሠልጥነው ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ተማሪዎች በተከታታይ የሰጡት የአስተውሎት ትምህርት (ትንፋሽንና ስሜትን ልብ ብሎ መከታተል) ከተለመደው አሠራር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ቤታቸው ሄደው አልተለማመዱትም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለአንድ ወር የተደረገ ረጅም የማስወጣት ልምምድ የጎልማሶችን ስሜት እንዳሻሻለ አሳይቷል። ጎልማሶች ናቸው፤ የስድስተኛ ክፍል ልጆች አይደሉም። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው፦ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ለመሻገር ያግዛል። ለርእሰ መምህርዎ ማስረጃ ካስፈለገ «ደብተር ግለጡ» ካሉበት እስከ መጨረሻው ተማሪ እስኪጀምር ያለውን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፤ አንድ ሳምንት ከልምምዱ ጋር፣ አንድ ሳምንት ያለ ልምምዱ።

ጥያቄ፦ ቀኝ እጅን ከግራ ጉልበት ማነካካት ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች ያገናኛል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለዚያ አባባል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ሁለቱ ክፍሎች 200 ሚሊዮን ገደማ በሆኑ የነርቭ ክሮች ቀድሞውኑ የተገናኙ ናቸው። እንቅስቃሴውን ግን ይሥሩት፤ እንቅልፍ ያባርራል።

ጥያቄ፦ ክፍሌ በጣም ጠባብ ነው፤ መነሣት እንኳ አይቻልም።

መልስ፦ ተቀምጠው ይሥሩ። ሁለቱን መዳፎች አጋጥመው ይግፉ፣ ይልቀቁ። እግራቸውን ወለሉ ላይ ይጫኑ፣ ይልቀቁ። እኔ በጣም የምወደው የጣቶቹ ነው፦ ግራ እጅ ዴስኩ ላይ ተዘርግቶ፣ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ከአውራ ጣት ሥር ተነሥቶ አየር እየገባ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ አየር እየወጣ ይወርዳል፤ እንዲህ እስከ ትንሿ ጣት። ጣት፣ ዐይንና ትንፋሽ አንድ ላይ ስለሚሠሩ ሐሳብ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ድምፅ ስለሌለውም የጎን ክፍል አይረብሽም።

ጥያቄ፦ አስም ያለበት ልጅ አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ስንጀምር ትጨነቃለች።

መልስ፦ ትንፋሽ መያዝ ለማንም አላዝም፤ አስም ላለበት ደግሞ ጭራሽ። ልጅቷን አያስገድዷት። ወደ ውስጥ ማዳመጥ ጭንቀቱን የሚያባብስባቸው ልጆች አሉ፤ በተለይ ክፉ ነገር ያሳለፉ። ለእርሷ ከውጭ የሚሰማትን ሦስት ድምፅ እንድትቆጥር፣ ወይም እንድትሥል ይፍቀዱላት። ጭንቀቱ በየቀኑ ከሆነ ከወላጆቿ ጋር መነጋገርና ባለሙያ እንዲያያት ማድረግ ይገባል። ቀልቡ ዘወትር የሚበተን ልጅም መጀመሪያ እንቅልፉና የዐይኑ እይታ ይጠየቅ፤ ሰሌዳው ሳይታየው ትንፋሽ የምናስተምረው ልጅ አለ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲታደል ልቤ ይመታል፣ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ወረቀቱ ሲደርስሽ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። በአፍንጫሽ አየር አስገቢ፤ ሳታስወጪ ትንሽ ጨምሪበት፤ ከዚያ በአፍሽ እስኪያልቅ ድረስ በቀስታ አስወጪ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ የምታውቂውን ጥያቄ ፈልገሽ ከእርሱ ጀምሪ። ይህን ግን ፈተና ላይ አትጀምሪው፤ ዛሬ ማታ የቤት ሥራ ከመክፈትሽ በፊት ተለማመጂው።

ጥያቄ፦ ወላጆች «የሌላ ሃይማኖት ልምምድ ነው» ቢሉኝ ምን ልመልስ?

መልስ፦ አይዋሿቸው። ከእነዚህ ልምምዶች ብዙዎቹ ከቡድሂዝምና ከዮጋ ልማድ የመጡ ናቸው፤ ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን ሲያዘጋጃቸው ሃይማኖታዊ ይዘታቸውን ትቶ ነው። በክፍል ውስጥ የሚደገም ቃልም ሆነ ጸሎት እንደሌለ ይንገሯቸውና መጥተው ይዩ። እኔ ጋ የመጡ አንዲት እናት አብረውን እጃቸውን አንሥተዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ተናድጄ ክፍል ከገባሁስ?

መልስ፦ ያን ቀን ልጆቹን አያስነሡ፤ ፊትዎን አይተው ያውቁብዎታል። እኔ የበሩን እጀታ ከመንካቴ በፊት ደብተሮቹን በክንዴ ሥር ይዤ ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ካልረዳኝ «ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል፣ በጽሑፍ እንጀምር» እላቸዋለሁ።